አዲስ መድኃኒት «ጸደቀ» ሲባል፦ በፈቃዱና በታካሚው መካከል ያለው ጥናት

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ባሕሬን፣ በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ «ካስጌቪ» የተባለውን የዘረመል ሕክምና ፈቀዱ። ሕክምናውን በዓለም ቀዳሚ ሆና ያጸደቀችው ብሪታኒያ ስትሆን፣ የባሕሬን ውሳኔ የተከተለው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ዘግይቶ ነው። ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም በሰፊው በሚታወቅበት በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ዜናው ታላቅ ተስፋ አሳድሯል። ይሁን እንጂ አንድ መድኃኒት ፈቃድ አገኘ ማለት ለታካሚው ደረሰ ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል «የጤና ቴክኖሎጂ ግምገማ» የሚባል ሌላ ምርመራ አለ።

ሕመሙና አዲሱ ሕክምና

ሲክል ሴል ከእናትና ከአባት የሚወረስ ሕመም ነው። ክብ መሆን የሚገባቸው ቀይ የደም ሴሎች እንደ ማጭድ ይጎብጣሉ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችንም ይዘጋሉ። በዚህም ምክንያት ታካሚው ብርቱ ሕመም በተደጋጋሚ ይነሣበታል፤ የውስጥ አካላቱም በጊዜ ብዛት ይጎዳሉ። በሐኪም ቤት በዐረብኛ «ሚንጀሊ» የሚለውን ቃል የሰማ አንባቢ፣ ቃሉ «ሚንጀል» ከሚለው የማጭድ ስም የወጣ መሆኑን ልብ ይበል። በሳዑዲ ዐረቢያ ሕመሙ በይበልጥ የሚታየው በምሥራቁ ክፍለ ሀገርና በደቡብ ምዕራቡ በጃዛን አካባቢ ነው።

በአዲሱ ሕክምና የታካሚው የራሱ የደም ግንድ ሴሎች ተወስደው በቤተ ሙከራ ይስተካከላሉ። ማስተካከያው ሰው በማኅፀን ሳለ ብቻ በብዛት የሚያመርተውን ጤናማ ሄሞግሎቢን ሰውነቱ እንደገና እንዲያመርት ያደርጋል። የተስተካከሉት ሴሎች ከመመለሳቸው በፊት ግን ታካሚው ብርቱ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ የመውለድ ችሎታን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ታካሚውና ቤተሰቡ ይህን አስቀድመው ከሐኪም ጋር ሊመክሩበት ይገባል። ታካሚው ለሳምንታት ሆስፒታል መተኛትም ይኖርበታል።

ሁለት ጥያቄዎች፣ ሁለት ውሳኔዎች

የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የሚጠይቀው «መድኃኒቱ ይሠራልን? ጥቅሙስ ከጉዳቱ ይበልጣልን?» ብሎ ነው። የአሜሪካ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ካስጌቪን ሲያጸድቅ፣ በቂ ጊዜ ክትትል ከተደረገላቸው 31 ታካሚዎች መካከል 29ኙ ቢያንስ ለተከታታይ 12 ወራት ብርቱ ሕመም እንዳልተነሣባቸው ተመልክቷል። ይህ ውጤት እጅግ የሚያበረታታ ነው።

የጤና ቴክኖሎጂ ግምገማ ግን ከዚህ ይሻገራል። አዲሱን ሕክምና በሥራ ላይ ካለው ጋር ያነጻጽራል። ለሲክል ሴል ዋጋው አነስተኛ የሆነ ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለ መድኃኒት አለ፤ ተስማሚ ለጋሽ ለተገኘለት ደግሞ የመቅኔ ንቅለ ተከላ አለ። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያስገደደችው የቅድመ ጋብቻ የደም ምርመራም ሕመሙን ለመቀነስ ታስቦ የተሠራ ነው። አጥኚዎች ቀጥለው ጥቅሙ ስንት ዓመት ይዘልቃል፣ ሕክምናውን የሚሰጡ ሆስፒታሎችና ባለሙያዎች አሉ ወይ፣ ለአንዱ የሚወጣው ገንዘብ ከሌላው ታካሚ ምን ይወስዳል ብለው ይጠይቃሉ። በአሜሪካ የካስጌቪ የታወጀ ዋጋ ለአንድ ታካሚ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ወጪው ዛሬ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ጥቅሙ ግን ገና በሚመጡት አሥርት ዓመታት የሚታይ ነው። የምርምሩ ዋና ችግርም ይህ ነው።

የእንግሊዝ ምሳሌ

ይህ ሥራ በግልጽ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመውና «ናይስ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ተቋም፣ አንድ ሕክምና በሙሉ ጤንነት የሚቆጠር አንድ የሕይወት ዓመት ለመጨመር ስንት እንደሚያስወጣ ያሰላል። ለብዙ ዓመታት መመዘኛው ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ነበር። ካስጌቪ ለሲክል ሴል በቀረበለት ጊዜ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ባወጣው ረቂቅ አልተቀበለውም፤ ተጨማሪ ማስረጃም ጠየቀ። በጃንዋሪ 2025 ግን በአንድ ስምምነት መሠረት ፈቀደው። በስምምነቱ መሠረት ታካሚዎች ሕክምናውን እያገኙ ማስረጃው መሰብሰቡን ይቀጥላል። በዓመት 50 ያህል ሰዎች እንደሚጠቀሙበት ተገምቷል። ኮሚቴው በሒሳብ ብቻ አልተወሰነም፤ በእንግሊዝ ሕመሙ በአብዛኛው የሚያጠቃው አፍሪካዊና ካሪቢያዊ የዘር ሐረግ ያላቸውን ስለሆነ፣ በሕክምና አገልግሎት የሚታየውን አለመመጣጠንም በውሳኔው ግምት ውስጥ አስገብቷል።

ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል?

ለታመመ ሰው መዘግየት መራራ ነው። ይሁንና ጥንቃቄው ከንቱ አለመሆኑን ያሳየ ሌላ የሲክል ሴል መድኃኒት አለ። ኦክስብራይታ የተባለው እንክብል እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በተፋጠነ ሥርዓት ጸድቆ ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ግን አምራቹ ፋይዘር ከዓለም ገበያ ሁሉ ሰበሰበው፤ ምክንያቱም ተጨማሪ መረጃዎች ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚያመዝን ያመለክቱ ነበር። ስለዚህ ግምገማ ከፈቃድ በኋላም መቀጠል ይኖርበታል። እያንዳንዱ ታካሚ የሚመዘገብበትና ለዓመታት ክትትል የሚደረግበት መዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ለነዋሪውና ለሠራተኛው ምን ማለት ነው?

አንድ ሕክምና በምትኖሩበት አገር ቢፈቀድም፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚወሰነው ለብቻው ነው። ለምሳሌ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች የጤና መድን ግዴታ ቀድሞ ወዳልነበረባቸው ሰሜናዊ ኤምሬቶች ተስፋፍቷል። ለእነዚህ የተዘጋጀው መሠረታዊ መድን ዋጋ በዓመት ከ320 ድርሃም ይጀምራል፤ መድኑን የመግዛት ኃላፊነትም የአሠሪው ነው። መሠረታዊ መድን አስፈላጊ ጥበቃ ቢሆንም፣ አዲስና ውድ የሆነን ሕክምና ሁሉ ይሸፍናል ተብሎ አይታሰብም።

ስለዚህ አዲስ ሕክምና ሲታዘዝላችሁ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ከቀድሞው ሕክምና የሚሻለው በምንድን ነው? ውጤቱስ በስንት ሰዎች ላይና ለምን ያህል ጊዜ ተፈትኗል? የመድን ድርጅቱን ደግሞ ሕክምናው በውላችሁ ውስጥ መኖሩን፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ክፍያ ስንት እንደሆነና በዐረብኛ «ሙዋፈቃ ሙስበቃ» የሚባለው ቅድመ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መያዝ ታካሚውን ካልታሰበ ዕዳ ይጠብቀዋል።