የባትሪው ሣጥን ሲከፈት

ይህ በእኔና በእናንተ መሃል ይቅር። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ጣሪያው ላይ የሶላር ፓኔል ካያችሁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት የባትሪውን ክፍል አስከፍቱ። ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ የጉዳዩን ግማሽ አውቃችኋል።

እነዚህን የባትሪ ሣጥኖች ከፍቶ ማየት የእኔ ቢጤዎች እንጀራ ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ይህን ይመስላል፦ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተደርድረዋል፣ የሁለቱ ጎን አብጧል፣ የአንደኛው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ወደ መብራቶቹ የሚሄደው ሽቦ ከቻርጅ ኮንትሮለሩ ተነቅሎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ታስሯል። የታሰረውም በፕላስተር ነው፤ ያውም በቁስል ፕላስተር። ማን እንዳሰረው ብትጠይቁ የሚያውቅ የለም። ለምን እንደታሰረ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ባትሪው ሲደክም ኮንትሮለሩ እንዳይሞትበት ብሎ መብራቱን ይቆርጣል። ይህ የሆነው ምጥ የያዛት ሴት አልጋ ላይ እያለች ከሆነ፣ አዋላጇ ስለ ባትሪ ዕድሜ የምታስብበት ፋታ የላትም። እጁ ሽቦ የለመደ ሰው ይጠራል፣ መስመሩ ይገናኛል፣ ሌሊቱ በሰላም ያልፋል። ጠዋት ሽቦውን ወደ ቦታው የሚመልስ ግን አይገኝም። ከግማሽ በታች መውረድ የማይወድ ባትሪ በየሌሊቱ እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ወራት ይቆይና ያርፋል።

ሪፖርት ላይ «በቴክኒክ ብልሽት» ተብሎ ይጻፋል።

ባትሪውን ለዚያ ያበቃውስ ማን ነው? ሶኬቱ ነዋ! ጨለማ በሆነ ቀበሌ ብቸኛው ሶኬት ጤና ጣቢያው ውስጥ ከሆነ፣ ዲቫይደሩ ላይ የሠራተኛው ስልክ፣ የአስታማሚው ስልክ፣ የጥበቃው ስልክ ይሰካል። የቀበሌ ሊቀመንበሩን «ስልክዎን ይንቀሉ» የሚል ነርስ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስልክ እንኳ ብዙውን ጊዜ 10 ዋት ያህል ነው የሚፈልገው። ጉዱ ያለው ለተረኞች ቡና የተጣደበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው፤ እሱ ብቻውን ከ1,000 ዋት በላይ ይጠጣል። ሙቀቱን ደግሞ ጨምሩበት። የሊድ ባትሪ ለ25 ዲግሪ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። እኛ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ቆልፈንበት እንሄዳለን።

በዚያው ግቢ የክትባቱ ፍሪጅ ግን በሰላም ይሠራል። ምሥጢሩ ባትሪ የሌለው መሆኑ ነው። ከፓኔሉ በቀጥታ እየተነዳ ቀን ቀን ውስጡ ያለውን ውኃ በረዶ ያደርጋል፤ ማታና በደመናማ ቀን በዚያ በረዶ ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል። ፀሐይ ብትጠፋ ቢያንስ ሦስት ቀን ይታገሣል። በነጭ ጋዝ የሚሠሩትን፣ ክሩ እየጨሰ ያስለቀሱንን ፍሪጆች ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ግን ዕድሜውን የሰጠው ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ሶኬት የለውም። የፍሪጅ ፋብሪካዎቹም ሰዎች ነገሩ የገባቸው ይመስላል። ፍሪጁ ሲጠግብ የተረፈውን ኃይል ለስልክና ለአምፖል የሚለቅ ተጨማሪ ዕቃ አዲሶቹ ላይ ይዘው መጥተዋል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ እንደወረደ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ግድቡ እዚሁ እያለ ሶላር ምን ያደርጋል?» ጥያቄው ቅን ነው፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ ጉባ ወረዳ ላይ ነው ያለው። 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ኃይሉ ግን በአብዛኛው የሚወጣው በ500 ኪሎ ቮልት ወደ ደዴሳና ሆለታ ነው። ከዚያ መስመር ለአንዲት ጤና ኬላ አምፖል መቀንጠስ አይቻልም። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ዝቅተኛ መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ ይፈልጋል። ገበሬው ማሽላውን በከፍተኛ መስመሩ ታወር እግሮች መሃል እየዘራ ማታ በባትሪ መብራት የሚታከመው ለዚህ ነው። መስመር የደረሰው ጤና ጣቢያም ቢሆን መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ጀነሬተሩ ይሮጣል፣ ናፍጣ የለም።

ስለ ማንጎውም ሳልነግራችሁ አልለፍ። ፓኔሉ ሲተከል ትንሽ የነበረ የማንጎ ዛፍ ከዓመታት በኋላ ከሰዓት ጥላውን ይጥልበታል። የፓኔል ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ከስፋቱ በላይ ኃይል ይቀንሳል። እስቲ አሶሳ ውስጥ ፍሬ የያዘ ማንጎ ቁረጡ በሉ! በበጋ ደግሞ ሣሩ ሲቃጠል አመዱ ፓኔሉ ላይ ይጋገራል፤ ዝናብ እስኪመጣ እርጥብ ጨርቅ የሚያነሳለት የለም።

ቢሮ ውስጥ ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ፓኔል 20 ዓመት ይኖራል፤ የሊድ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት። በርክክቡ ቀን ሪባን ተቆርጦ ዕቃው በንብረት መቀበያ ቅጽ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ ሳይሆን ከቀረ፣ በወረዳው መዝገብ ያ ሶላር የለም። የሌለ ንብረት የጥገና በጀት አይያዝለትም። የዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. 500 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ በዕቅዱ 1,400 ያህል የጤናና የትምህርት ተቋማት ተካተዋል። ደግ ነው። እኔ ውል ሲያሳዩኝ የማገላብጠው ግን ሁለተኛውን ባትሪ ማን እንደሚገዛ የሚለውን ገጽ ነው። የሊቲየም ባትሪው ዕድሜ ረዘም ይላል፣ ሲደክምም ራሱን ይዘጋል፣ በፕላስተር የሚታለልም አይደለም። ከተበላሸ ግን ጉዞው አዲስ አበባ ድረስ ነው።

የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ብልኃት አገኘ። ከማዋለጃ ክፍሉ ሶኬቱን አስነቀለ፤ ጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ ለስልክ ብቻ የሚሆን ትንሽ ፓኔል ከነሣጥኑ አስተከለ። ሊቀመንበሩም እዚያው ይሰካሉ። ለአንድ ስልክ ጥቂት ብር ይከፈላል፤ በተሰበሰበው ፊውዝና ሽቦ ይገዛል፣ ፓኔሉን ለሚያጥበው ልጅም ይሰጣል። የማዋለጃው ባትሪ እስካሁን ደህና ነው። ያ ገንዘብ በየትኛው ደረሰኝ ገቢ እንደሚሆን ግን አትጠይቁኝ።