«ቋ» የሚለው የጀርባ ድምፅ ምንድን ነው?



ከጧት እስከ ማታ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ሳይነሣ የሚውል ሠራተኛ አንድ ቀን የወደቀ ወረቀት ለማንሣት ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ቢያቅተው የሚያስደንቅ አይደለም። ባልንጀራውም ወዲያው «ወገብህ ወልቋልና የሚመልስልህ ሰው ፈልግ» ሲል ይመክረዋል። ይህ ምክር የእጅንና የእግርን ውልቃት ወደ ቦታው የሚመልሰውን የአገራችንን ወጌሻ ከማየት የመጣ ነው። በውጭ አገር ደግሞ ጀርባን በእጁ እየገፋ የሚያክም ካይሮፕራክተር የሚባል ባለሙያ አለ። «ወልቋል» የሚለው አሳብ ለክንድ እውነት ሲሆን ለወገብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው።

የዚህ ሙያ ጀማሪ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ፥ በአይዋ ክፍለ ግዛት፥ በዳቨንፖርት ከተማ በማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሰው ነው እንጂ የተማረ ሐኪም አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ሃርቪ ሊላርድ የተባለውን ጆሮው የከበደ የጽዳት ሠራተኛ ጀርባውን ቢጫነው መስማት ቻለ ብሎ አወራ። የመስማት ነርቭ ከጆሮ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አንጎል የሚገባ እንጂ በጀርባ የሚያልፍ አይደለም። ፓልመር ግን ከዚህ ተነሥቶ፥ ከመቶ 95ቱ በሽታ ፈቀቅ ያለ የአከርካሪ አጥንት የሚያመጣው ነው ብሎ አስተማረ። ለሙያውም «በእጅ የሚሠራ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ከግሪክኛ ወጣለት።

አከርካሪያችን 24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች አሉት፤ 7ቱ በአንገት፥ 12ቱ በደረት፥ 5ቱ በወገብ ናቸው። በየመካከላቸው ትራስ የመሰለ ልስልስ ነገር አለ፤ ዙሪያውንም ብርቱ ጅማትና ጡንቻ አሥሮታል። ስለዚህ ወረቀት በማንሣት ብቻ ከቦታው አይወጣም። በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ በመውደቅ በእውነት የወጣ እንደ ሆነ ግን ሽባነት የሚያሰጋ ስለ ሆነ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው።

ታዲያ ባለሙያው ጀርባን በአጭርና በፈጣን ግፊት ሲጫን «ቋ» የሚለው ምንድን ነው? መገጣጠሚያዎቻችን በወፍራም ፈሳሽ የራሱ ናቸው፤ በፈሳሹም ውስጥ ጋዝ ሟሙቶ ይገኛል። ሁለቱ አጥንቶች በድንገት ሲላቀቁ በመካከላቸው ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ባዶ የጋዝ ጉድጓድ ይፈጠራል። በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚሳብ ጣት በኤም አር አይ መሣሪያ አንሥተው ይህን ጉድጓድ ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት ሲከፈት አይተውታል። እንግዲህ ድምፁ አጥንት ወደ ቦታው የመመለሱ ምልክት አይደለም።

ይህ ማለት ሕክምናው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለወገብ ሕመም ያለ መድኃኒት ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ከአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ብዙም አይበልጥም። ለአስምና ለደም ግፊት ይበጃል መባሉ ግን የታመነ ማስረጃ የለውም። ደግሞም ድንገተኛ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሻላል፤ ስለዚህ ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ ላይ ጀርባችንን የነካ እጅ ነው።

የሚያስፈራው ምክንያቱ ያልታወቀን ጀርባ መጫን ነው። በአገራችን ያልጠፋው የነቀርሳ በሽታ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪንም ቀስ በቀስ ይበላል። የበሽተኛው ሕመም ለወራት ይጸናል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ያተኩሰዋል። እንዲህ ያለውን ጀርባ በኃይል የሚገፋ ሰው የሳሳውን አጥንት ሰብሮ ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። በእርጅና ምክንያት አጥንታቸው የሳሳ እናቶችና ካንሰር ያለባቸውም እንደዚሁ ናቸው። አንገትን በድንገት መጠምዘዝም፥ ምንም እንኳ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆን፥ ወደ አንጎል የሚወጣው የደም ሥር ከመሰንጠቁ ጋር ተያይዞ ታይቷል።

እርስዎም የወገብ ሕመም ይዞዎት እግርዎ የዛለ፥ በጭኖችዎ መካከል ያለው ሥፍራ የደነዘዘ፥ ወይም ሽንት መሽናትም ሆነ መያዝ ያቃተዎ እንደ ሆነ፥ ማንም ጀርባዎን ሳይነካ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ የተጨነቀው ነርቭ በቶሎ ካልተለቀቀ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላልና።