ጎህ ሳይቀድ የሚያዜሙ ሰዎች

ስለ ዜማ በተነሣ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው በሬዲዮ የምንሰማውን ዘፋኝ፣ በየሠርጉ ቤት ማሲንቆ የሚመታውን አዝማሪ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን የሚያሸበሽቡትን ደብተሮች ነው። ነገር ግን በአገራችን ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሲያዜሙ የኖሩ፣ ፊታቸውን ግን እምብዛም ሰው የማያየው ሌሎች ዜመኞች አሉ። እነዚህም ላሊበሎች ይባላሉ፤ በአንዳንድ አገር ደግሞ ሐሚና ይሏቸዋል። እኔ እነርሱን ያወቅኋቸው በገዛ ጥፋቴ ስለሆነ፣ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገርና ከዚያ ስለ እነርሱ የተረዳሁትን እንደ ዐቅሜ ላስረዳ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር አያቴን ለመጠየቅ ወደ መንዝ ሄጄ ነበር። መንዝ ብዙው ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ስለሆነ፣ በዚያ ወራት የሌሊቱ ውርጭ አጥንት ይሰብራል። አንድ ሌሊት ዶሮ ከጮኸ በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከደጃፍ የሁለት ሰው ድምፅ ሰማሁ። አንደኛው የወንድ ሲሆን ቃሉ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ሁለተኛው የሴት ሲሆን ቃል ሳይኖረው ከሥር ከሥሩ ይከተላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የአያቴን ስም፣ የሟች ባለቤቷን ስም፣ ከትናንት በስቲያ ከከተማ የመጣሁትን የእኔን ስም ሳይቀር እየጠሩ ማወደሳቸው ነው።

እኔም እነማን እንደሆኑ ለማየት ጓጉቼ የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ወጣሁ። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ሴቲቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ሰውዬውም ዜማውን ከመካከሉ አቋርጦ ፊቱን አዞረ። አያቴ እህል በሰፌድ ይዛ ብትወጣ ሁለቱም ከአጥሩ ውጭ ሄደዋል። እርሷም «አንተ ልጅ፣ ሰው ሊመርቅህ ቢመጣ በመብራት ታባርራለህ?» ብላ ተቆጣችኝ። ያን ዕለት የበላሁት ሁሉ አልጣመኝም።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ስማቸው ከንጉሡ ከቅዱስ ላሊበላ ስም ጋር አንድ ቢሆንም፣ የላሊበላ ከተማ ሰዎች ናቸው ማለት አይደለም። አዝማሪዎችም አይደሉም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በጠጅ ቤት፣ በግብዣና በሠርግ ላይ ይጫወታል። ላሊበላ ግን አንዳች የዜማ መሣሪያ ሳይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆኖ፣ ከሰው ደጃፍ ቆሞ ያዜማል። ባል ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ ያወርዳል፤ ሚስት ዜማውን ይዛ ታጅበዋለች። ባል ትንፋሽ ሲወስድ የእርስዋ ድምፅ ክፍቱን ስለሚሞላው ዜማው አይቋረጥም።

ስማችንን ማወቃቸውም ጥንቆላ አይደለም። አስቀድመው ከጎረቤት፣ ከእረኛ ወይም ከመንገደኛ ጠይቀው የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስምና የቤቱን ወሬ ያጠናሉ። ሌሊት ያን ሁሉ በግጥም አስገብተው ያወድሱታል። የሰጣቸውን ሰው ረጅም ምርቃት ይመርቁታል፤ የነፈጋቸውን ደግሞ በግጥም ሸንቆጥ ያደርጉታል። ስለዚህ ሥራቸውን ልመና ብቻ ብሎ መጥራት ትክክል አይመስለኝም። ባለቤቱ እህል፣ ልብስ ወይም ገንዘብ ይሰጣል፤ እነርሱም ውዳሴና ምርቃት ይሰጣሉ። በአገራችን ደግሞ ምርቃት ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ወላጆቻችን ያውቃሉ።

ታዲያ የሚደበቁት ስለ ምንድር ነው? አያቴ እንዳስረዳችኝና በዚህ ጉዳይ የተመራመሩ ሰዎችም እንደጻፉት፣ የላሊበላ ዘር የሆነ ሰው ሌሊት ወጥቶ ማዜሙን ቢተው የሥጋ ደዌ ይይዘዋል የሚል የቆየ እምነት አለ። በዚህም ምክንያት ሀብት ያለው ሰው እንኳ ችግር ሳይኖርበት፣ ከበሽታው ፍርሃት የተነሣ፣ ለማዜም ይወጣል ይባላል። ጎረቤትም ይህን ስለሚያምን ይሸሻቸዋል። እንግዲህ ጨለማው መሸሸጊያቸው ነው፤ የእኔ ባትሪ ያደረሰው ጉዳትም ይህ ነበር።

ስለዚህ በሽታ ሳይንስ የሚለው ሌላ ነው። የሥጋ ደዌ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው። ይህንም ባክቴሪያ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ያገኘው ሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ነው። በሽታው ከእናት ከአባት በዘር አይወረስም፤ በእርግማንም አይመጣም። የሚተላለፈው መድኃኒት ካልወሰደ በሽተኛ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር ሲሆን፣ ከ100 ሰው 95 የሚሆነው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዘው የመድኃኒቶች ድብልቅ ከ6 እስከ 12 ወር በሚደርስ ጊዜ ይድናል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህንኑ በሽታ ለማከምና ሐኪሞችን ለማሠልጠን ነበር።

ይሁን እንጂ እምነቱ ከምን እንደተነሣ ማሰብ ይገባል። የሥጋ ደዌ ምልክት የሚታየው ባክቴሪያው ከገባ በአማካይ ከ5 ዓመት በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቈያል። ስለዚህ አንድ ሰው ማዜሙን ትቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢታመም፣ ዘመዶቹ «ስለ ተወው ነው» ይላሉ። ትተው ሳይታመሙ የኖሩትን ግን የሚቈጥር የለም። በአንድ ጎጆ የሚኖሩ ቤተሰቦች እርስ በርሳቸው ሲተላለፍባቸውም በዘር የመጣ ይመስላል። የቀደሙት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ የሚያዩትን ነገር የሚያስረዳቸው ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም እንጂ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ፍርሃቱ መቅረት አለበት፤ ማንም ልጅ በሽታ ይይዘኛል ብሎ በውርጭ መቆም የለበትም። ዜማው ግን ከፍርሃቱ ጋር አብሮ መጥፋት አይገባውም። ኢትሱሺ ካዋሴ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ከሩቅ አገር መጥተው በአውሮጳ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ስለ ላሊበሎች ፊልም ሠርተዋል። እኛ ግን ዜማው ከደጃችን ሲሰማ ጋቢያችንን ተከናንበን እንተኛለን። በከተማም የግንብ አጥርና ዘበኛ እየበዛ ስለ ሄደ ከደጃፍ ቆሞ ማዜም አስቸጋሪ ሆኗል።

ባለፈው ጥር እንደገና ወደ አያቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት መጡ፤ ፊታቸውን ባላይም እነዚያው መሆናቸውን በድምፃቸው ለየሁ። ባትሪዬን ከአልጋዬ ላይ ትቼ በጨለማ ወጣሁና «አባቴ፣ በዚያን ጊዜ ስላበራሁባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኋቸው። ሰውዬው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለና ዜማውን ቀጠለ። እህሉን ሰጠሁ፤ ሁለቱም ተቀባብለው መረቁኝ፤ እኔም በየምርቃቱ አሜን እያልሁ ሰማይ እስኪቀላ ድረስ ቆሜ አዳመጥኋቸው። እናንተም ጓደኞቼ፣ ለዕረፍት ወደ ደጋ በወጣችሁ ጊዜ ድምፃቸውን ብትሰሙ፣ መብራት ሳታበሩ ወጥታችሁ እንድትሰሟቸው በትሕትና እለምናለሁ።