ካርቱን የማያስደስትበት ዕድሜ አለን? የአዋቂ ተመልካች ጥያቄ በአቃቂ ቃሊቲ መነሻነት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በቂሊንጦ ከተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ስቱዲዮ የሚባሉት ከማብሰያውና ከመታጠቢያው በቀር አንድ ክፍል ብቻ ያላቸው ናቸው። መተኛትም፣ መመገብም፣ እንግዳ መቀበልም፣ ቴሌቪዥን ማየትም በዚያው ክፍል ይከናወናሉ። ልጆች ካርቱን ሲከፍቱ አባት፣ እናት ወይም አያት ገለል የሚሉበት ቦታ የለም። ከፋብሪካ ፈረቃ የተመለሰ አባት ቶምና ጄሪ ሲሯሯጡ አይቶ እየሳቀ ሳለ ጎረቤት ድንገት ቢገባ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ልጆቹ ከፍተውት ነው» ይላል። ይህ ያልተጠየቀ መልስ ሊጠና የሚገባው ጥያቄ አዝሏል። አዋቂ ሰው ካርቱን በማየቱ የሚያፍረው ለምንድን ነው? በእርግጥስ ካርቱን ማስደሰቱን የሚያቆምበት ዕድሜ አለን?

የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር የሚቀንሰው የመደሰት ችሎታ ሳይሆን በግልጽ የመደሰት ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የነሳውም የተመልካቹ አእምሮ ሳይሆን፣ በአብዛኛው፣ የቴሌቪዥን የሥርጭት ሰዓት አከፋፈል ነው።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲጀመር የልጆች አልነበረም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንሰር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 «ገርቲ» የተባለችውን ዳይኖሰር ለሕዝብ ያሳየው በልዩ ልዩ ትርኢት መድረክ ላይ ነበር፤ ራሱ ከሸራው ፊት ቆሞ ያዛት፣ ትታዘዘውም ነበር፤ ተመልካቾቹም የመግቢያ ዋጋ ከፍለው የገቡ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የልጆች ነው የሚባለው «ቶምና ጄሪ» ራሱ፣ ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 በሠሩት መልኩ፣ በሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም ጋር ለሁሉም ዓይነት ተመልካች የሚቀርብ አጭር ፊልም ነበር፤ ሰባት የኦስካር ሽልማቶችንም አግኝቷል። ስለዚህ በአቃቂ የሚስቀው አባት ለእርሱ ያልተሠራ ነገር እየሰረቀ አይደለም። ካርቱን ወደ ልጆች የተገፋው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች ካርቱንን በቅዳሜ ጠዋት ሰብስበው፣ ከመጫወቻና ከቁርስ እህል ማስታወቂያ ጋር አያያዙት። ሰዓቱ የልጆች ሲሆን ይዘቱም የልጆች ሆኖ ተቆጠረ። ጃፓን በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ሄዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «የእሳት ብናኞች መቃብር» በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ልጆችን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ ፊልም ነው፤ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፈው ተመልካች ያለ አይመስልም።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ መንገድ ይታያል፤ እንዲያውም ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። ጦጣ፣ ጅብ፣ ቀበሮና አንበሳ የሚናገሩበት ተረት በእሳት ዳር ሲነገር ልጅም ሽማግሌም አብሮ ይሰማ ነበር። ልጁ በጅቡ ሞኝነት ይስቃል፤ አዋቂው ጅቡ ማን እንደሆነ ገብቶት ይስቃል። ሰምና ወርቅን በለመደ ማኅበረሰብ ውስጥ እንስሳ ተናገረ ብሎ ታሪኩን ለሕፃን መተው ብዙም አይታሰብም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን ተረት የራሱ ሰዓትና የራሱ ስም ተሰጠው፤ የልጆች ሆነ። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) በዚያ ሰዓት ለአሥርተ ዓመታት ተረት ተርተዋል። እርሳቸው አስቀድሞ በቲያትር መድረክ የታወቁ፣ ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ጭምር የተጫወቱ ባለሙያ ስለነበሩ፣ አቀራረባቸው ልጅን ብቻ የሚያረካ አልነበረም። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ትውልድ አብዛኛው ልጅ አሳዳጊ ሆኖ ነበር፤ ማንም ግን ትልቅ ሰው ስለ ተረት ነጋሪ አዘነ ብሎ አልተገረመም። ትዝታ ሲሆን ተፈቅዷል ማለት ነው። የተከለከለው ዛሬ ማየቱ ነው።

ከሥነ ልቦና አንጻር ሲታይ ጉዳዩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ዶልፍ ዚልማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባብራሩት የስሜት አያያዝ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሰዎች የሚያዩትን የሚመርጡት፣ ብዙ ጊዜ ሳያስቡት፣ ያሉበትን ስሜት ለማስተካከል ነው፤ የተሰላቸ ቀስቃሽ ነገር ይሻል፣ የተጨነቀ ደግሞ አሳቡን የሚያስለቅቀው ነገር ይሻል። ቀኑን በማሽን ጩኸት መካከል ቆሞ ለዋለ ሠራተኛ ያለ ንግግር የሚሄድ፣ መጨረሻው የሚታወቅ፣ ማንም የማይሞትበት የሰባት ደቂቃ ታሪክ ከዜና ይልቅ ቢስማማው የብስለት ማነስ ምልክት አይሆንም። ላውራ ካርስተንሰንም ሰዎች የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማቸው አዲስ ዕውቀት ከማሳደድ ይልቅ ስሜትን የሚሞላ ነገር እንደሚመርጡ አስረድተዋል። በዚህ መሠረት ከልጅ ልጇ ጋር ካርቱን የምታይ አያት ከወጣት ልጇ ይልቅ ለካርቱኑ የቀረበች ልትሆን ትችላለች።

ተቃራኒው አስተያየት ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሕፃናት የሚሠሩ ዝግጅቶች አንድን ቃል ደጋግመው ይናገራሉ፤ ድግግሞሹ ሕፃኑን ያስተምረዋል፣ አዋቂውን ግን ያደክመዋል። እዚህ ላይ «አልፎኛል» ማለት ትክክል ነው። ያለፈው ግን የዝግጅቱ የትምህርት ደረጃ ነው እንጂ የአሠራሩ ዓይነት አይደለም። የአንደኛ ክፍል ንባብ መጽሐፍ የሚሰለቸው ሰው ልብ ወለድ አርጅቶብኛል አይልም።

ጉዳዩ ከጨዋታ የሚያልፈው በኢትዮጵያውያን የልጆች ዝግጅቶች ላይ ነው። የአሜሪካው «ሰሰሚ ስትሪት» እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር አዘጋጆቹ ታዋቂ ሰዎችንና ለአዋቂ የሚገባ ቀልድ ሆን ብለው አስገብተዋል፤ ወላጅ አብሮ ሲያይ ልጅ ይበልጥ ይማራል ብለው ስላመኑ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት ቀጭኔዋን ፀሐይን ወደ ብዙ ቤት አስገብቷል። ይኸው ድርጅት ያዘጋጀው «ጥበብ ገርልስ» የተባለ አኒሜሽን ደግሞ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻን ጨምሮ ጎጂ ልማዶችን ሲታገሉ ያሳያል። ልጃገረዷ ይህን አይታ መብቷን ልታውቅ ትችላለች፤ የመዳሯን ነገር የሚወስኑት ግን በአብዛኛው ወላጆቿ ናቸው። አባት «የልጆች ነው» ብሎ ፊቱን ካዞረ መልእክቱ ውሳኔው ከሚሰጥበት ሰው ጆሮ አልደረሰም።

ከዚህ የሚከተል የአጠናን ጉዳይም አለ። አዋቂን በመጠይቅ «ካርቱን ያያሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ «የለም» የሚል መልስ ያስገኛል፤ መልሱ የሚለካው ልማዱን ሳይሆን እፍረቱን ነው። «ትናንት ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ነበር? በክፍሉ ውስጥ እነማን ነበሩ? ማን ሳቀ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በስቱዲዮ ቤት ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች ከሌላ ቤት ይልቅ ቀላል ናቸው፤ ሁሉም ያለው እዚያው ነውና።

ለጊዜው ማለት ነው። ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ያለው አባት በዚያው ክፍል ጥግ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የፈለገውን ካርቱን ማየት ይችላል። ጎረቤት ቢገባ «ልጆቹ ከፍተውት ነው» ማለት አያስፈልገውም። ልጆቹም በበኩላቸው በሌላ ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የሚናገር ካርቱን ከፍተው፣ ያልገባቸውን ቃል የሚጠይቁት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ ሳይጠይቁት ያልፋሉ።