የምግብ ጉብኝት ትርፉ ለማን ነው?

በቦሌ አካባቢ አስጎብኚዎች የውጭ እንግዶችን ከምግብ ቤት ወደ ምግብ ቤት እያዞሩ ክትፎ፣ ሽሮና የጀበና ቡና ያስቀምሳሉ። እንግዳው ለመኪናው፣ ለአስጎብኚውና ለምግቡ ባንድነት የሚከፍለው ዋጋ ብዙ ጊዜ በዶላር የተቆረጠ ነው። ምግብ ቤቱ የሚያገኘው ግን የሳህኑን ሒሳብ በብር ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ነው። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አስጎብኚው ዋጋውን ሳይነካ ብዙ ብር ሲቆጥር፣ ባለ ምግብ ቤቱ ሒሳቡን ካልከለሰ ከጭማሪው አይደርሰውም። በጾም ቀን ክትፎው በበያይነቱ ሲተካም ቅናሹ የሚቀረው በአስጎብኚው ኪስ ነው።

ስለሆነም ባለ ምግብ ቤቶች በሳህን ሳይሆን በነፍስ ወከፍ የሚታሰብ፣ ምንዛሪው ሲለወጥም የሚከለስ ውል ቢዋዋሉ ይበጃቸዋል።