ደብዳቤው ከማን ሲመጣ ይነበባል?

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ እርዳታ ቆመ፣ በከፊል ተለቀቀ፣ ተሰረዘ የሚል ዜና ያልሰማ የለም። በዜናው መሀል ጳጳሳት ለኮንግረስ ደብዳቤ ጻፉ፣ ፓስተሮች ሴናተሮችን አነጋገሩ የሚል ነገርም አይጠፋም። ይህን የሰማ ሰው ሁለት ነገር ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሃይማኖት ሰዎች በመንግሥት በጀት ምን አገባቸው? ካገባቸውና ተሰሚነትም ካላቸው፣ እንዴት እንዲህ በጥቂት ሳምንታት ተሸነፉ?

የመጀመሪያው ብዙ አያቆይም። የውጭ እርዳታ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት አንድ በመቶ ግድም ነበር። ያ አንድ በመቶ ግን አብያተ ክርስቲያናት በምጽዋት ሰብስበው የማይተኩት ገንዘብ ነው። የተራበን ማብላት ግዴታዬ ነው የሚል አማኝ፣ የራሱን መባ ከሰጠ በኋላ የግብሩን ድርሻ የሚመድበውን እንደራሴ ቢጠይቅ ከእምነቱ አልወጣም። የአገሪቱ ሕግም ቤተ እምነቶች ዕጩ ደግፈው እንዳይቀሰቅሱ ይከለክላል እንጂ፣ በረቂቅ ሕግ ላይ በልክ ሐሳባቸውን እንዳይሰጡ አይከለክልም።

ሁለተኛው ነው ከባዱ። የተለመደው መልስ ፖለቲካው ተለወጠ፣ ሌላ ሰው ፕሬዚዳንት ሆነ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ቀድሞ የተሸነፈውን ነገር አያሳይም። እኔ ከሚገባው በታች ታይቷል የምለው ምክንያት ተናጋሪው ማን እንደሆነ ነው። በእንደራሴው ፊት የሚቆመው የመረጠው ምዕመን ነው ወይስ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበለው ድርጅት?

ልዩነቱን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የድሃ አገሮች ዕዳ ይሰረዝ የሚለው የኢዮቤልዩ 2000 ዘመቻ በብዙ አገሮች ሲቀጣጠል፣ በዋሽንግተን ጉዳዩ ከሚመለከታቸው የኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴዎች አንዱን ስፔንሰር ባከስ ይመሩ ነበር። ባከስ የአላባማ ግዛት ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ስለ አፍሪካ ዕዳ ይጨነቃሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ያኔ ይወክሉት ከነበረው ከበርሚንግሃም ከተማ፣ የአንድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አባላት የሆኑ ሴቶች ዋሽንግተን ድረስ ሄደው አነጋገሯቸው። ባንክ የላቸውም፣ እርዳታ የሚያከፋፍል ድርጅት የላቸውም፤ ዕዳው ቢሰረዝ ኪሳቸው የሚገባ ሳንቲም የለም። የመጡት ሕፃናት በዕዳ ምክንያት መሞት የለባቸውም ብለው ነው። ባከስ ጉዳዩን ያዙት፤ በፓርቲያቸው ውስጥ ከዋና ተከራካሪዎቹ አንዱም ሆኑ። በ2000 መጨረሻ ኮንግረስ ለዕዳ ስረዛው 435 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ኢትዮጵያ በዚሁ ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ ሂደቷን ጨርሳ የዕዳ ስረዛውን ሙሉ በሙሉ ያገኘችው በ2004 ነው። የእኛ የበጀት ሸክም የቀለለበት መንገድ በከፊል በአላባማ ምዕመናን በኩል ያለፈ መሆኑን የምናነሳው ግን ከስንት አንዴ ነው።

ሴቶቹ በአጋጣሚ የተነሱ አልነበሩም። አርተር ሳይመን የተባሉ የሉተራን ፓስተር ከጥቂት ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ጋር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ያቋቋሙት ብሬድ ፎር ዘ ወርልድ የሚባል ንቅናቄ አባላት ነበሩ። ይህ ንቅናቄ እህል አያከፋፍልም። ሥራው ምዕመናን ለእንደራሴዎቻቸው እንዲጽፉ ማድረግ ነው። በየአጥቢያው ሰዎች በእጃቸው የጻፉትን ደብዳቤ ከመባው ጋር አቅርበው ጸሎት ይደረግበታል፤ ከዚያ ወደ ኮንግረስ ይላካል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን እዚህ ነው። እንደራሴው ደብዳቤውን ሲከፍት የሚያየው የምርጫ ወረዳውን አድራሻ ነው። ጸሐፊው ምን ፈልጎ ነው ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያትም አያገኝም።

የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ መርሐ ግብር ፔፕፋርም ከዚሁ አፈር ነው የበቀለው። የሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ለብዙ ዓመታት የውጭ እርዳታ ዋና ተቃዋሚ ነበሩ። በ2002 ወንጌላዊው ፍራንክሊን ግራሃም በጠሩት የወንጌላውያን ጉባኤ ላይ ግን በኤድስ ጉዳይ ቀደም ብለው ባለመሥራታቸው እንደሚያፍሩ ተናገሩ። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ሲጠይቁ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ይህ ድጋፍ ያለ ዋጋ አልመጣም። የ2003ቱ ሕግ ለበሽታው መከላከያ ከሚውለው ገንዘብ ሲሶው ከጋብቻ በፊት መታቀብን ለሚያስተምሩ ሥራዎች እንዲውል አዘዘ፤ ግዴታው የተነሳው በ2008 ነው። የእምነት ድምፅ ገንዘብ ሲያመጣ የራሱን ቅድመ ሁኔታም ይዞ እንደሚመጣ መካድ አይገባም። በ2023 ፔፕፋር በውርጃ ክርክር ተጠልፎ በጊዜው ሳይታደስ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያም ሆኖ መርሐ ግብሩ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሕይወት ማዳኑን የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ሲናገር ቆይቷል፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ናት።

እንግዲህ በመሀሉ ምን ሆነ? እርዳታው ሲያድግ አከፋፋዮቹም አደጉ። ከአከፋፋዮቹ ብዙዎቹ የእምነት ድርጅቶች ናቸው፤ ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስስ፣ ወርልድ ቪዥንና የሉተራኖቹ ድርጅቶች። ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስስ ከበጀቱ ግማሽ ያህሉን ከአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ መሥሪያ ቤት ከዩኤስኤይድ ያገኝ ነበር። ይህ ነውር አይደለም። ሥራውን የሚያውቁ፣ ማንም የማይሄድበት ገጠር የሚገቡ ሰዎች ናቸው፤ በእኛም አገር በድርቅ ዘመን ስንዴውን ካደረሱት መሀል ናቸው። ነገር ግን ስለ እርዳታ ዋሽንግተን ውስጥ የሚናገረው ድምፅ ቀስ በቀስ የእነዚህ ቢሮዎች ባለሙያዎች ድምፅ ሆነ። ምዕመኑ ዓመታዊ መዋጮውን ሰጥቶ ጉዳዩን ለዋናው መሥሪያ ቤት ተወው። በአሜሪካ በተደጋጋሚ በተደረጉ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች፣ ሰዉ በአማካይ የውጭ እርዳታ የበጀቱን ሩብ የሚወስድ ይመስለዋል። ይህ ግምት ሳይታረም ለብዙ ዓመታት ሲቆይ፣ እሑድ እሑድ ከዐውደ ምሕረት ማን አስተማረ?

ጥቃቱ የመጣው በዚህ ክፍተት በኩል ነው። በጥር 2025 ምክትል ፕሬዚዳንት ቫንስ ስለ ስደተኞች ሲከራከሩ፣ የካቶሊክ ጳጳሳቱ የሚጨነቁት ስለ ሰብአዊነት ነው ወይስ ስለ ገንዘባቸው የሚል ጥያቄ አነሱ። በሳምንቱ የፕሬዚዳንቱ አማካሪ የነበሩት ኢሎን መስክ ለሉተራን ድርጅቶች የሚከፈለውን ገንዘብ ሕገ ወጥ አሉት። ክሱ ፍትሐዊ አልነበረም። ያም ሆኖ ሰሚ አገኘ፤ ምክንያቱም ተከሳሾቹ በእርግጥ ተቀባዮች ነበሩ፣ ከኋላቸውም ተነስቶ እኛ የላክናቸው ናቸው የሚል በቂ ምዕመን አልነበረም። በመጋቢት ከዩኤስኤይድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙ ተነገረ፤ በሐምሌ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ፈረሰ።

በዚያው ሐምሌ ኮንግረስ የተመደበን የእርዳታ ገንዘብ ሲሰርዝ አንድ ነገር ተረፈ። መንግሥት ከፔፕፋር እንዲቀነስ የጠየቀውን 400 ሚሊዮን ዶላር የሪፐብሊካን ሴናተሮች ራሳቸው ከዝርዝሩ አስወጡት። ወደ ስምንት ቢሊዮን የሚጠጋው ሌላው የእርዳታ ገንዘብ ግን ተሰረዘ። ከሁሉ ይልቅ በወንጌላውያን ምዕመናን ዘንድ ሥር የነበረው መርሐ ግብር መትረፉን በአጋጣሚ የሆነ አድርጌ ማየት ያስቸግረኛል።

ምዕመኑ ሲናገር የሚጨመር ሌላ ነገርም አለ። በ2023 በኢትዮጵያ የእርዳታ እህል ለታለመለት ሰው ሳይደርስ ወደ ሌላ እጅ እየገባ መሆኑ ሲታወቅ አሜሪካ ስርጭቱን በአገሪቱ ሙሉ አቆመች፤ ለወራት የተጎዳው ግን የሰረቀው ሳይሆን የተራበው ነው። ከእርዳታው ጥቅም የሌለው መራጭ እህሉም ይላክ፣ ሌባውም ይጠየቅ ብሎ በአንድ አፍ መናገር ይችላል። ውል የፈረመ አከፋፋይ ግን ሁለተኛውን ጮክ ብሎ መናገር ይከብደዋል።

እዚህ ላይ በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ይነሳሉ። በእንደራሴ በር ማንኳኳትን አያውቁትም አይባልም። በ2018 ስለ ኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ጉዳይ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማንን የመሰሉ እንደራሴዎች በወረዳቸው ያሉ ኢትዮጵያውያን መራጮችን ስለሰሙ ነው። ያ ችሎታ ስለ መድኃኒትና ስለ ስንዴ በዚያ መጠን ሲውል አላየሁም። ፖለቲካችን ይከፋፍለናል፤ በጎንደርም በጅማም በመቀሌም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉዳይ ግን በአንድ ደብዳቤ ሊሰፍር የሚችል ነው።

አንድ ሐሳብ ግን እረፍት ይነሳኛል። በነሐሴ 2025 ዋይት ሀውስ ኮንግረስ ያጸደቀውን 4.9 ቢሊዮን ዶላር የእርዳታ ገንዘብ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እንዲሰረዝ ጠየቀ፤ በመስከረም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አብዛኛው ገንዘብ ታግዶ እንዲቆይ ፈቀደ። እንደራሴን ማሳመን ከእንግዲህ ብቻውን ይበቃል ብዬ መናገር አልችልም። እንደራሴው የመደበውን ገንዘብ ሲነጠቅ ስለ ሥልጣኑ ይቆማል ወይስ ዝም ይላል? እስካሁን ያየሁት አብዛኛው ዝም ሲል ነው፤ ዝም ያለውም በወረዳው ስለ ገንዘቡ የጠየቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ይመስለኛል።