ባላንስ ያደረገ ስህተት

በእጅ የተጻፈ አንድ ደረሰኝ ላይ 3/11/2016 የሚል ቀን አለ እንበል። ሻጩ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 10 ቀን 2024። የሂሳብ ሠራተኛዋ ቁጥሩን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ብትመታው ግን በአሜሪካኖች ልማድ ወሩን የሚያስቀድም ፕሮግራም ማርች 11 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል። ቀኑን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ ኖቬምበር 3 ቀን 2016 ይሆናል። ሦስቱም በካላንደር ላይ ያሉ ቀኖች ናቸው፤ ዴቢቱና ክሬዲቱም እኩል ነው። ከተከፈተው የሂሳብ ዘመን ውጭ መሆኑን የሚጠይቅ ፍተሻ ከሌለ ወጪው ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚይዘው የጆርናል ኢንትሪ አውቶማቲክ ፍተሻ ነው። ፍተሻው ወደ መዝገብ የገባውን እያንዳንዱን መስመር አስቀድመው ከተጻፉ ጥያቄዎች ጋር ያገናዝብና ያልተስማማውን ለሰው ያወጣል። ለዚህ ውድ ሶፍትዌር የግድ አይደለም። ፒችትሪ ከተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ወደ ኤክሴል የወጣ የጆርናል ዝርዝርና ጥቂት ፎርሙላ ብዙ ርቀት ያስኬዳሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጥንታዊ ነው፦ ዴቢትና ክሬዲት እኩል ናቸው? ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን የሁለት ወገን አመዘጋገብ እ.ኤ.አ. በ1494 አሳትሞ ካሰራጨው ወዲህ የሂሳብ ሰው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይጀምራል። ዛሬ ፕሮግራሙ ራሱ ያልተመጣጠነ ኢንትሪ ፖስት አላደርግም ይላል። ብዙዎች ልባቸው የሚያርፈውም እዚህ ላይ ነው፤ ትሪያል ባላንሱ ከገጠመ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝም፣ ጭራሽ ያልተመዘገበ ሽያጭም፣ የተሳሳተ አካውንት ላይ የወደቀ ወጪም ባላንስ ያደርጋሉ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ እናስብ። ፍርድ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ወረቀት ቶሎ ያልቅበታል። ሱቁ ቫትን ጨምሮ በ23,000 ብር ወረቀት ገዛ። ትክክለኛው አመዘጋገብ 20,000ውን በግዥ፣ የ15 በመቶውን ቫት ማለትም 3,000ውን ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ሠራተኛዋ ቸኩላ 23,000ውን በሙሉ ግዥ ላይ ብትጽፈው መዝገቡ ቅር አይለውም፤ ባለሱቁ ግን በወሩ የቫት ማስታወቂያ ላይ ሊቀናነስለት የሚገባውን 3,000 ብር ያጣል። «ይህ አቅራቢ የቫት ተመዝጋቢ ነው፤ ታዲያ የቫት መስመሩ የት አለ?» የምትል አንዲት ደንብ ይህን ገንዘብ ታድናለች።

ከሁሉ የሚያምረው የዘጠኝ ፍተሻ ነው። 54,600ን 45,600 ብሎ የጻፈ ሰው የሚፈጥረው ልዩነት 9,000 ነው። 23,000ን 2,300 ብሎ ዜሮ የጣለ ደግሞ 20,700 ይፈጥራል፤ እሱም ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላል። ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡም ሆነ ዜሮ ሲጎድል ወይም ሲጨመር ልዩነቱ ሁልጊዜ የዘጠኝ ብዜት ነው። ነባር የሂሳብ ሠራተኞች የባንክ ማስታረቂያ አልገጥም ሲላቸው ይህን በካልኩሌተር ያደርጉት ነበር። ኮምፒውተሩ ያንኑ ሥራ ሳይታክት ይሠራዋል፤ ከዚያም አልፎ የትኛው ቁጥር ቢገለበጥ ልዩነቱ እንደሚጠፋ ይጠቁማል።

ከውጭ በመጣ ፕሮግራም የማይገኙ ደንቦችም አሉ፤ እነሱን እዚሁ መጻፍ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን፣ ጳጉሜን የሚባል 13ኛ ወር መኖሩን ፍተሻው ማወቅ አለበት። ፊደልም አለ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ሁለት አቅራቢዎች ናቸው፤ አንዱ ደረሰኝ በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ቢከፈል አይነቃም። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ ማወዳደር ይረዳል። የበለጠ የሚረዳው አቅራቢን በስሙ ሳይሆን ባለ 10 አኃዝ በሆነው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ መለየት ነው።

ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት ሌላ ዓይን ይፈልጋል። የአሜሪካው ቴሌኮም ኩባንያ ወርልድኮም እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጋለጥ 3.8 ቢሊዮን ዶላር የዕለት ተዕለት ወጪ ቋሚ ንብረት ተብሎ ተመዝግቦ ተገኘ። ኢንትሪዎቹ ሁሉ ባላንስ ያደርጉ ነበር። ሲንቲያ ኩፐር የምትመራው የውስጥ ኦዲት ቡድን የደረሰበት የሂሳብ ሥርዓቱን ራሱን ከፍቶ፣ ደጋፊ ሰነድ የሌላቸውን ትልልቅ ኢንትሪዎች እየተከተለ ነው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ 240ም ኦዲተሮች ጆርናል ኢንትሪዎችን መርጠው እንዲፈትሹ ያዛል። ለዚህ ሥራ የቤንፎርድ ሕግ የተባለውም ያገለግላል፤ በብዙ ተፈጥሯዊ የቁጥር ክምችት ውስጥ ከመቶው 30 ያህሉ በ1 ሲጀምር በ9 የሚጀምረው ከ5 በታች ነው። ይህ ግን ብዙ ሺህ ኢንትሪ ላለው ድርጅት እንጂ የዋጋው ዓይነት ውስን ለሆነ ለአንድ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አይሆንም።

ፍተሻው መቼ ይደረግ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። በር ላይ የሚያግደው ፍተሻ አልያዘም፤ ባንኩ ገንዘቡን ማስመለስ የጀመረው ግብይቶቹን ከመዝገብ እየለየ ነው። ትንሹ ሱቅም ሁለቱንም ይፈልጋል፦ ኢንትሪው ሲገባ የሚያግድ አንድ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ አንድ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሂሳቡን የሚያስታውቀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ የዓመቱን ስህተት ሁሉ በጥቅምት መፈለግ ሰውን ያለ ምክንያት ያደክማል።

ትልቁ ጠላት የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው። የሱቁ ኪራይ በየወሩ ያው ክብ ቁጥር ነው፤ ደንቡ ካልተለየለት ማሽኑ በየወሩ «ተደገመ» ይላል። ከ300 ኢንትሪ 200ውን የሚጠረጥር ፍተሻ በሁለተኛው ሳምንት የሚያነበው አያገኝም። ስለዚህ ደንቦቹን የሚጽፈው ሱቁን የሚያውቅ የሂሳብ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሕግ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ የቫት አዋጅ ቁጥር 285/1994 በ1341/2016 ሲተካ እንደሆነው፣ ደንቦቹንም መልሶ የሚያይ እሱ ነው። ከተጠረጠረው ኢንትሪ አጠገብ ደግሞ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ ማን አየው፣ በየትኛው ሰነድ አረጋገጠው፣ በስንት ቀን ዘጋው። ዓመቱ ሲያልቅ ባለሱቁም ኦዲተሩም የትኛው ስህተት እንደሚደጋገም ከዚያ ዓምድ ማንበብ ይችላሉ።